ስለ ጡረታ ጉዞ፣ ስለ ተሳቢ ቤትና ስለሚስበው መኪና

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንድ ባልና ሚስት የተነበበ ንግግር። ስብሰባውን ላልተካፈሉ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ከሁሉ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ባለፈው ሳምንት ከበራችን ፊት ለፊት ሦስት ቀን ሙሉ ተገትሮ የሰነበተው፣ የልጆቻችሁን አውቶቡስ በሌላ መንገድ ያዞረው፣ ቤት የሚያህለው ተሳቢ የኛ ነው። የማኅበራችን ደንብ እንዲህ ያለው ነገር በሰፈሩ መንገድ ላይ እንዳያድር ይከለክላል። ደንቡን እናውቃለን፤ ድጋፍ ሰጥተን እጃችንን ካወጣነው መካከል ነበርን። የኋላ በሩ አልዘጋ ብሎን ነው፤ እሑድ ጠዋት ተሠርቶለት ወደ ተከራየንለት ማቆሚያ ሄዷል።

የማኅበሩ አስተባባሪዎች «ቅጣቱን እናነሣላችኋለን፣ በምትኩ ግን ቀርባችሁ ስለ ነገሩ ንገሩን» ስላሉን ነው ዛሬ እዚህ የቆምነው። ምክንያቱም ከመካከላችን ሁለት ቤተሰቦች ይህንኑ ለመግዛት ተነሥተዋል። አንደኛው ወንድማችን ሠላሳ ዓመት ዋሺንግተን ላይ ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ቀብድ ሊከፍል ቀጠሮ ይዟል። እንግዲህ ሳንቀባባ መናገር አለብን። እኛ ይህን ነገር የተማርነው በ14,000 ዶላር ኪሳራ ነው፤ ከዚያም ይልቅ ለጥቂት ነፍሳችን አልተረፈችም ነበር።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ቶይ ሃውለር የሚሉት ተሳቢ ከፊቱ ወጥ ቤት፣ መኝታና መታጠቢያ አለው፤ ከኋላው ደግሞ ጋራዥ አለው። የኋላ ግድግዳው በሙሉ ወደ መሬት ሲጋደም መወጣጫ ይሆናል፤ ሞተር ሳይክሎቹ በዚያ ላይ እየተነዱ ይገባሉ። ቤታችሁንም ሞተራችሁንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። እኛ ሞተር የጀመርነው በስተርጅና ነው። ልጆቹ ኮሌጅ ገብተው ቤቱ ጭር ሲል፣ አንዳችን 57 አንዳችን 54 ዓመት ሆኖን የጀማሪዎች ኮርስ ገባን። ልጆቻችን «ዶቅዶቄ በዚህ ዕድሜ?» ብለው ሳቁብን። ይሳቁ። ዛሬ አንድ ሆንዳ ጎልድ ዊንግና አንድ ሆንዳ ሬበል 500 አለን፤ አንደኛው 840፣ ሁለተኛው 410 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ሁለቱ በአንድ ላይ 1,250 ፓውንድ፣ ማለትም ከአምስት ኩንታል ተኩል በላይ መሆናቸውን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ2021 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንናገረው) ጡረታ ስንወጣ ሁሉን ነገር ገልብጠን ጀመርነው። መጀመሪያ መኪናውን ገዛን። ግማሽ ቶን የሚባለው፣ በየመንገዱ የምታዩት ዓይነት ቆንጆ ፒክ አፕ ነው፤ የቆዳ ወንበር፣ የመስተዋት ጣራ፣ ምኑ ቅጡ። ሻጩ «ይህ 11,000 ፓውንድ ይጎትታል» አለን። በዓመቱ ተሳቢውን ለመግዛት ሌላ ሻጭ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ሰውየው «መኪናችሁ ስንት ይጎትታል?» አለን፤ «11,000» አልን፤ «እንግዲያስ ይህ ተሳቢ ቢሞላ 9,500 ነው፤ በእጃችሁ ነው» አለን። ማናቸውም አልዋሹም። የሁለቱንም ስም አንጠራም፤ የጠየቅነውን ነው የመለሱልን። ያልጠየቅነውን ግን ማንም አልነገረንም።

በ2022 ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ከምዕራብ ሜሪላንድ፣ ከዲፕ ክሪክ ሐይቅ ስንመለስ ነው የሆነው። በ68 ቁጥር ኢንተርስቴት ወደ ምሥራቅ ስትመጡ ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ተራራ አለ፤ ለመንገዱ ሲባል ከላይ እስከ ታች እንደ ዳቦ ተቆርጧል። ከተቆረጠው ካለፋችሁ በኋላ ወደ ሃንኮክ ከተማ ቁልቁለት ነው። ሞተሮቹ ከኋላ ጋራዡ ውስጥ ናቸው። የውኃ ታንኩን፣ «ለምን ክብደት እንሸከማለን» ብለን ብልሆች ነንና፣ ባዶ አድርገነዋል። አንድ ከባድ መኪና በግራችን ሲያልፍ ነፋሱ ተሳቢውን ገፋ አደረገው። ተሳቢው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ጅራቱን መቁላት ጀመረ፤ ወዲያው የፒክ አፑ ቂጥም አብሮ ይወዛወዝ ጀመር።

ከሁለታችን መሪውን የያዘው ፍሬን ረገጠ። ይህ የባሰ ስሕተት ነው፤ ፒክ አፑ ሲዘገይ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፣ መወዛወዙም ይብሳል። የመመሪያውን መጽሐፍ ያነበበችው ሌላይቱ ነበረች። «ፍሬኑን ልቀቅ! የተሳቢውን ያዝ! የተሳቢውን!» እያለች ጮኸች። በዳሽቦርዱ ላይ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ የሚይዝ ትንሽ መጫኛ አለ። ነዳጁን ለቅቆ፣ መሪውን ሳያዟዙር፣ ያንን ሲጫን ተሳቢው ከኋላ እንደ መልሕቅ ጎትቶ አስተካከለን። ሁሉም ነገር ምናልባት አሥር ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። ሃንኮክ ገብተን ቆመን ለረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ተቀመጥን።

በማግሥቱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ወጣን። ካት ስኬል ይባላል፤ በትልልቅ የከባድ መኪና ማረፊያዎች ዘንድ አለ፤ ለሁለት ሰው ምሳ ከምታወጡት ያነሰ ታስከፍላለች። የመኪናውን የፊት ጎማዎች፣ የኋላ ጎማዎችና የተሳቢውን ጎማዎች ለየብቻ መዝና አንዲት ወረቀት ትሰጣችኋለች። መጀመሪያ ፒክ አፑን ብቻውን፣ ነዳጁን ሞልተን፣ እኛም ተቀምጠንበት መዘንን። ከዚያ ተሳቢውን ከነሞተሮቹ ቀጥለን ደግመን መዘንን፤ ሦስተኛ ደግሞ ሞተሮቹን አውርደን። ተሳቢው ሲቀጠልበት በፒክ አፑ ላይ የሚጨመረው ክብደት የመንጠቆው ሸክም ነው። (ክብደት የሚያከፋፍሉት ብረቶች ካሏችሁ ለዚህ ምዘና ይፈቱ፤ አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻችኋል።)

ሞተሮቹ ውስጥ ሆነው ተሳቢው በጠቅላላው 9,200 ፓውንድ መዘነ፤ በመንጠቆው ላይ የጣለው ግን 620 ብቻ ነበር። ሰባት ከመቶ እንኳ አይሞላም። በኳስ መንጠቆ የሚጎተት ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶውን በመንጠቆው ላይ መጣል አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ጅራቱን ይቆላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋራዡ ከተሳቢው ጎማዎች በስተኋላ ስለሆነ፣ አምስት ኩንታል ተኩል የሚሆኑት ሞተሮች ከኋላ ሲጫኑ፣ ልጆች እንደሚጫወቱበት ሚዛን ሳንቃ ፊቱን ወደ ላይ ያነሡታል። የውኃው ታንክ ከጎማዎቹ በስተፊት ስለነበር ቢሞላ ኖሮ ይረዳን ነበር፤ እኛ ግን ባዶ አደረግነው።

ታዲያ ሞተሮቹን ስናወርድስ? መንጠቆው ላይ የሚወርደው ወደ 1,060 ፓውንድ ወጣ። ከመቶ ሲሰላ በደንቡ ውስጥ ነው። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ፒክ አፑ የሚችለው ሸክም 1,450 ፓውንድ ነው። መንጠቆው 1,060፣ እኛ ሁለታችን 340፣ የመሣሪያው ሣጥን፣ ጀኔሬተሩና ልዩ ልዩ ዕቃ 250፤ ድምሩ 1,650። ሁለት መቶ ፓውንድ፣ ማለት አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከአቅሙ በላይ። እንግዲህ ሞተሮቹ ሲገቡ ይቆላል፣ ሲወጡ ይጎብጣል። መኪናውና ተሳቢው የተጋቡት ያለ ዕጣቸው ነበር።

ይህ 1,450 የሚለው ቁጥር የት ነበር ብትሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው መኪናው ላይ ተለጥፎ ነበር። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በበሩ መቃን ላይ ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው ወረቀት ታገኛላችሁ። የተሳፋሪውና የጭነቱ ድምር ከዚህ እንዳያልፍ ብሎ በኪሎና በፓውንድ ይናገራል። ቁጥሩ የተጻፈው ለዚያች ለአንዷ መኪና ነው፤ አንድ ስም፣ አንድ ሞዴል ያላቸው ሁለት ፒክ አፖች አንዱ ስለተቀናጣ ብቻ ብዙ መቶ ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ። በማስታወቂያ የሚነገረው የመጎተት አቅም ግን መኪናው ጥቂት ሰው ከመያዙ በቀር ይህ ነው የሚባል ጭነት ሳይኖረው የተሰላ ነው። መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ። በሬ ማረሻ ይጎትታል፤ ይጎትታል ተብሎ ግን ጤፍ በጀርባው አይጫንበትም፤ ለዚያ አህያ አለ። ይህን ለኛ ቢጤ ሰው የሻጭ ወረቀት ማስረዳት አልነበረበትም።

ከሁለታችን የአንዳችን አባት በትሬንታ ኳትሮ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ይመላለሱ የነበሩ ሾፌር ናቸው። ረዳታቸው በእጁ ታኮ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ መኪናው የተንሸራተተ እንደሆነ ዘሎ ከጎማው ሥር ሊወትፍ። እሳቸው ቁልቁለቱን ሁልጊዜ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ነበር የሚወርዱት፤ ፍሬን ብዙ ከረገጡበት እንደሚግልና እንደሚከዳ ያውቃሉ። ጭነቱን ሲቀበሉ ደግሞ ኩንታሉን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ባሌስትራውን ጎንበስ ብለው አይተው ነው። ልጃቸው አሜሪካን አገር መጥቶ፣ ዐይን የሚሞላ መኪና ገዝቶ፣ ኩንታሉን ሳይቆጥር ቁልቁለት ወረደ። በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉን እንደነበር እናውቃለን፤ እዚህ ግን አንናገረውም።

ሁለቱንም ሸጥናቸው። 14,000 ዶላሩ የሄደው በዚያ ነው።

በሁለተኛው ዙር ከሞተሮቹ ጀመርን። እነሱን አንቀይርም፤ ስለዚህ 1,250 ፓውንዱ ቋሚ ነው። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ የምንይዘውን ሁሉ ጻፍን፤ ምጣዱን፣ የቡናውን ዕቃ፣ የሽሮና የበርበሬ ጣሳውን ሳይቀር። ውኃ በጋሎን ከስምንት ፓውንድ በላይ ነው፤ መቶ ጋሎን ታንክ ቢሞላ ወደ አራት ኩንታል ይጠጋል። ለሞተሮቹ ቤንዚን መያዣ ያለው ተሳቢ ከሆነ 30 ጋሎኑ 180 ፓውንድ ያህል ነው። በዚህ ስሌት ጎበዙ ሁሉ በሁለት ቀን ተሳቢውን ይመርጣል። መኪናው የመጨረሻው ነው።

የመረጥነው ፊፍዝ ዊል የሚሉትን ነው። ይህ ከመኪናው ኋላ በኳስ አይንጠለጠልም፤ አንገቱን አስግጎ በፒክ አፑ መጫኛ ውስጥ፣ ከኋላ ጎማዎች በላይ በተተከለ መቀመጫ ላይ ይሰካል። በዚህም የተነሣ ጅራት መቁላቱ እጅግ ይቀንሳል። ዋጋው ግን አለው፤ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 ከመቶ የሚሆነውን በመኪናው ላይ ይጥላል። የኛ ሲሞላ እስከ 14,000 ፓውንድ የተፈቀደለት ነው። ሞተሮቹ ወጥተው ሲከብድ በመቀመጫው ላይ እስከ 2,900 ይጥላል ብለን አሰላን። መቀመጫው ራሱ 180፣ እኛ 340፣ ዕቃው 250፤ ድምሩ 3,670። አንድ ሻጭ ሦስት አራተኛ ቶን የሚባለውን፣ ናፍታ ሞተር ያለውን አቀረበልን፤ «ተራራ ይጎትታል» አለ። ይጎትት ይሆናል። በሩን ከፍተን ወረቀቱን አነበብን፤ 2,100። ሰባት ኩንታል ትርፍ ይጫንበታል ማለት ነው! ናፍታ ሞተር ራሱ ከባድ ነው፤ የዚህ ክፍል መኪና ጠቅላላ ክብደት ደግሞ ብዙ ጊዜ 10,000 ፓውንድ አካባቢ ስለሚወሰን፣ ሞተሩ የሚመዝነው ከናንተ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። አንድ ቶን የሚባለውን፣ ኋላው ባለ ሁለት ጎማ ብቻ የሆነውን በ2023 አገኘን፤ በወረቀቱ ላይ 4,050 ይላል። 380 ፓውንድ ተረፈን። ኋላው አራት ጎማ ያለው ደግሞ ከዚህም በላይ ይሸከማል፤ ግን በሰፈራችን ማቆሚያ መስመር ውስጥ አይገባም፣ እኛም ከናንተ ጋር ዳግመኛ መጣላት አልፈለግንም።

ናፍታውን የመረጥነው ለዳገቱ አይደለም፤ ለቁልቁለቱ ነው። የጭስ ማውጫውን ጠበብ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ የሚይዝ ፍሬን አለው፤ ረጅም ቁልቁለት ስንወርድ የእግር ፍሬኑን የምንነካው አልፎ አልፎ ነው። በቤንዚን ሞተርም ማርሽ ቀንሶ መውረድ ይቻላል፤ ብዙ ለማይርቅ ሰው የቤንዚኑ በዋጋም በጥገናም ይቀላል።

ስለ ተሳቢው ጋራዥ ጥቂት እንበል። በጋራዡና በመኖሪያው መካከል ግድግዳ ያለው ይሻላል። የመጀመሪያው ተሳቢያችን አልነበረውም፤ ቡናው ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር፤ እንጀራውንማ ተዉት። ቀልዱ ይቆየንና የቤንዚን ትነትና የጭስ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ማስጠንቀቂያ ደወሉ እየሠራ መሆኑን ፈትኑ፣ ሞተር ሳይክሉን ውስጥ አታስነሡ። ሞተሮቹ የሚታሰሩበት የወለል ቀለበት ከብረቱ አካል ጋር በብሎን የተያያዘ መሆኑን ከሥር ገብታችሁ እዩ። በጣውላው ላይ ብቻ የተመታ ከሆነ በአንድ ጉድጓድ ይነቀላል፤ 840 ፓውንድ ጎልድ ዊንግ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ሲመታ መስማት አትፈልጉም።

ጎማውንም አንብቡ። ዶት ከሚለው ፊደል በኋላ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። የኛው ተሳቢ ስንገዛው እንዲህ ያለ ጎማ ነበረው። ጥርሱ አላለቀም፣ ከላይ ሲታይ አዲስ ነው፤ ግን ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ተሳቢ ደግሞ ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ሻጩን አራቱንም አስቀየርነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ትሉን ይሆናል። ባለፈው ግንቦት ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ፣ ፍሮንት ሮያል አጠገብ ተሳቢውን አቆምነው። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 105 ማይል መንገድ አለው፤ በተራራው ጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በ35 ማይል የተወሰነ ነው። በዚያ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ከዐለት የተፈለፈለ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የኛ ተሳቢ ከ13 ጫማ በላይ ነው፤ አያልፍም። እኛ ግን በሞተር አለፍን። ጧት ጉም ከሸለቆው ሲነሣ፣ ሁለታችን ተከታትለን፣ ማንም ሳያስቸኩለን። ማታ ተመልሰን በገዛ ወጥ ቤታችን ሽሮ ሠርተን በላን። በዚያ ሰዓት 14,000 ዶላሩን ረሳነው ማለት ይቻላል።

ስለ ቀረው ባጭሩ። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ለብሔራዊ ፓርኮች የዕድሜ ልክ መግቢያ በ80 ዶላር ያገኛል፤ በብዙ ቦታም የማደሪያውን ክፍያ በግማሽ ይቀንስለታል። የመንጃ ፈቃድ ደንብ እንደ ግዛቱ ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሜዲኬራችሁ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ ከድንገተኛ በቀር ከክልሉ ውጭ ላይሠራ ይችላልና ቀድማችሁ ደውሉ። የዕድር ተራችን በሌለንበት ሲደርስ ጎረቤቶቻችን ሸፍነውልናል፤ ለዚህ ብድር አለብን፤ በክረምት እንከፍላለን።

ቀብድ ሊከፍል ለተነሣው ወንድማችን፦ ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ በ95 ቁጥር መንገድ ዳር ወዳለው ሚዛን እንሄዳለን፤ ከኛ ጋር ና። ልትገዛው ያሰብከውን ፒክ አፕ የበር ወረቀት ፎቶ አንሥተህ አምጣ፤ ባለቤትህም ትምጣ፣ የምትይዙትን ዕቃ ዝርዝር እሷ ትጻፈው። ሌላም መምጣት የሚፈልግ ካለ ስብሰባው ሲያልቅ ስሙን ይስጠን፤ በፒክ አፑ ሦስት ሰው ለመጨመር ቦታ አለን፤ ክብደታችሁን ግን እንጠይቃለን።